ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጅማ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። 160 አባወራ ነን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአጋሮ ሰርግ ሲመለስ የነበረ ሚኒባስ ተገልብጦ ከእድራችን አራት ሰው ሞተብን። አንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። የልጅቷ እናት እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች፤ የልጇን ሞት እስካሁን አልነገርናትም። ድንኳን ተከልን፣ ቀበርን፣ የሚገባውን ገንዘብ ሰጠን። የመንግሥት ሰዎችም መጥተው አጽናኑ፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። አሁን የአስተማሪው ሚስት ‹ሦስት ቀን ቤቴ ጢም ብሎ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ውሃ የሚያቀብለኝ አጣሁ› ብላ አለቀሰችብኝ። ካዝናችንም ባዶ ሆኗል። ምን አጠፋን? አሁንስ ምን እናድርግ?»

ወንድሜ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አላህ ሰብሩን ይስጣቸው። እኔ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ። እዚሁ ጅማ ከእድሮችና ሆስፒታል ከተኙ ሰዎች ቤተሰቦች ጋር ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ካዝናውም ስለ መንግሥት ቢሮውም እመለሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ስለ እናትየዋ እንነጋገር፤ ሌላው ጥቂት ቀን ቢቆይ ይቆያል፣ ይሄ ግን አይቆይም።

ንገሯት። በዚህ ሳምንት ንገሯት።

ለምን እንደደበቃችሁ ይገባኛል። ስብራቷ ይዳን፣ ትንሽ ትበርታ ብላችሁ ነው። ክፋት የለበትም። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ «ልጄስ?» ስትል «አያቷ ጋ ናት» የተባለች እናት ምንም አልጠረጠረችም ብለው አያስቡ። የጠያቂውን ዓይን ታያለች። ሰው ወደሷ ሲገባ ፊቱን ጠርጎ እንደሚገባ ታያለች። እናንተ ካልነገራችኋት ደግሞ አንድ ቀን ከጎኗ የተኛች ታማሚ ወይም ስልክ ላይ የወጣ ፎቶ ይነግራታል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ታጣለች፤ ልጇንና እናንተን።

የመርዶ ወጋችን ለዚህ ትልቅ ትምህርት አለው። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። በስልክ አይነገርም። ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ማልደው ይሄዳሉ፣ ደጋፊው ከጎን ይቀመጣል፣ ቤቱ ቀድሞ ይዘጋጃል። ያንኑ ወደ ሆስፒታሉ ውሰዱት። መጀመሪያ የሚያክማትን ሐኪምና የክፍሉን ነርስ አነጋግሩ። ቀኑንና ሰዓቱን አብራችሁ ምረጡ። ጠዋት ይሁን፤ ሐኪም አጠገብ ያለበት፣ ሌሊቱም ሩቅ የሆነበት ሰዓት ነው። የተለየ ክፍል ካለ ጠይቁ፣ ከሌለ መጋረጃ ይጋረድ። የሚነግራት የምታምነው ሰው ይሁን፤ እናቷ፣ እህቷ ወይም ባሏ። እንደ ሃይማኖቷ አባት ወይም ሼህ አብሮ ቢኖር ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ግን አይግባ። ሦስት ወይም አራት ይበቃል።

ቃሉ አጭርና ግልጽ ይሁን። «ልጅሽ በአደጋው ቀን ሞታለች። በወግ ቀብረናታል። እስካሁን ስላልነገርንሽ ይቅር በይን።» ከዚያ ዝም በሉ። «አታልቅሺ» አትበሏት። «ሌላ ትወልጃለሽ» የሚል ሰው ካለ ከበር ላይ መልሱት። ልትጮህ ትችላለች፣ ድርቅ ብላም ልትቀር ትችላለች። ሁለቱም ያጋጥማል።

ቀጥሎ የምትጠይቀው የኛ ሰው ያልጠበቀውን ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መርዶ ሲነገር አጠገብ ነበርኩ። እናትየዋ ብዙ ካለቀሰች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችው «ፀጉሯን ማን ሠራላት?» ብላ ነው። ያጠበቻት አክስት እዚያው ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ፤ ሁለት ቦታ ጎንጉኜላታለሁ» አለቻት። እናትየዋ የአክስቲቱን እጅ ያዘች፣ እስከ ማታ አልለቀቀችም። ስለዚህ ልጅቷን ያጠበችው ወይም የከፈነችው ሴት አብራ ትሂድ። የልጅቷን ልብስና ጫማ ደግሞ ማንም ለድሃ እንዳይሰጥ። ምን እንደሚቀመጥና ምን እንደሚሰጥ እናትየዋ ራሷ ትወስን።

ከሆስፒታል ስትወጣ ድንኳኑን እንደገና ትከሉት። ለአንድ ቀንም ቢሆን። ቀብሩ ያለፋት እናት ለቅሶዋ ገና አልተጀመረም። በ2012 ዓ.ም. ለኮሮና በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ ይህንን በደንብ አይቻለሁ። ድንኳን ሳይተከል የቀበሩ ቤተሰቦች ከዓመት በኋላም «ሳይለቀስለት ሄደ» ይሉኝ ነበር። ሐዘኑ እዚያው ቆሞ ጠብቋቸው ነበር።

አሁን ወደ አስተማሪው ሚስት ልምጣ።

እርስዎ «ምን አጠፋን?» ይላሉ። በሦስቱ ቀን ያጠፋችሁት ነገር አላየሁም። ጥሩምባው ሲነፋ ሰው ወጣ። ድንኳን፣ ወንበርና ጎላ ድስት በሰዓታት ውስጥ ደረሰ። የጅማ ድብልቅ እድር ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። የሙስሊሙ ቀብር በዕለቱ እንዲደርስ የክርስቲያኑ ጎረምሳ ይሮጣል። የክርስቲያኑ ሣልስት ላይ ሙስሊሟ ጎረቤት ቡናውን ታፈላለች። ሁሉም ያለ ሐሳብ የሚበላው ንፍሮ መሀል ላይ ይቀርባል። ይህን መንግሥት በትእዛዝ ሊሠራው አይችልም።

ችግሩ ደንባችሁ ሦስተኛው ቀን ላይ ማለቁ ነው። እድር የተሠራው ለመቅበር ነው። የሚስትየዋ ሸክም ግን የሚጀምረው ሰው ሲበተን ነው። ኪራዩ አለ። ልጆቹ «አባባ መቼ ይመጣል?» ይላሉ። ደንብ ደግሞ ይቀየራል። ኤችአይቪ ብዙ ሰው በጨረሰባቸው ዓመታት በአገሪቱ ብዙ እድሮች ደንባቸውን ከፍተው የታመመ መርዳትና ወላጅ ያጣ ሕፃን ማሳደግ ጨምረዋል። እናንተም ትችላላችሁ።

እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ሐዘን ለገባበት ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ተጠሪ መድቡ። ኮሚቴ አላልኩም፣ አንድ ሰው ነው። ስሙ በመዝገብ ይጻፍ። እስከ አርባው ቀን ድረስ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ እስከ ሙት ዓመቱ ደግሞ በየወሩ ይጠይቅ። የእድር ዳኛ መሆን የለበትም። እንዲያውም ባይሆን ይሻላል፤ ዳኛ ሲመጣ ቤቱ ይጨነቃል። ጊዜ ያለውና ሲያወሩት የሚሰማ ሰው ፈልጉ። ሐዘንተኛዋ ሙስሊም ከሆነች ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ዒዳዋ፣ ማለትም ባል የሞተባት ሴት በሃይማኖቷ የምትጠብቀው ጊዜ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ከቤት የምትወጣው ለግድ ብቻ ስለሆነ ገበያውን፣ ወፍጮውንና የቢሮውን ደጅ ሌላ ሰው ሊዞርላት ይገባል።

ተጠሪው ሲሄድ ምን ይበል? በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ነገሩን በሦስት ቃል ያስቀምጠዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ምን እንደጎደለ ማየት። ያለ ምክር ማዳመጥ። ከሚረዳ ሰው ወይም ቢሮ ጋር ማገናኘት። አደጋው እንዴት እንደሆነ በግድ ማስተረክ ግን አይገባም። ድሮ እኛ ባለሙያዎችም ይጠቅማል ብለን ሰውን ወዲያው እያስቀመጥን ሁሉንም እናስተርክ ነበር። ጥቅም እንደሌለው በጥናት ስለታየ ዛሬ አይመከርም። ራሷ ስታወራ ስሟት፤ ዝም ስትል ዝም በሉ።

ለልጆቹም እውነቱን ንገሯቸው። «አባትህ መንገድ ሄዷል» የተባለ ልጅ በሩ ሥር ሆኖ ይጠብቃል። መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ የማይመለስ እየመሰለው እናቱ ገበያ ስትሄድ መጮህ ይጀምራል።

አብዛኛው ሰው በወዳጅ ዘመድ ድጋፍ ቀስ በቀስ ይበረታል። ግን ስድስት ወር አልፎም ከአልጋ መነሣት ያቃታት፣ መብላትና መተኛት ያቆመች ወይም «እኔም ብሞት» የምትል ካለች ጠበል ወይም ዱዓ ብቻ ብላችሁ አትተዉት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። መሞትን ካነሣች ደግሞ ስድስት ወር አይጠበቅም፤ ያንኑ ቀን ውሰዷት።

አሁን ወረቀቱ። አሰልቺ ነው፤ ግን ሐዘንተኛ ቤት ዓመቱን የሚበላው በምን እንደሆነ የሚወስነው ይሄ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የፕላስቲክ ፋይል ግዙ። የሚመጣው ወረቀት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይግባ፤ ፋይሉ በሚታይበት ቦታ ምስማር ላይ ይሰቀል።

አንደኛው የሞት ምዝገባ ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አደጋው ከሦስት ሳምንት በፊት ከሆነ የቀራችሁ ዘጠኝ ቀን ገደማ ነው። ቢያልፍም መመዝገቡ አይቀርም፤ ግን ምልልሱ ይበዛል። ያለ ሞት የምስክር ወረቀት ውርስም፣ የባንክ ሒሳብም፣ ጡረታም አይንቀሳቀስም።

ሁለተኛው የአስተማሪው ሚስት የጡረታ ጉዳይ ነው። ባሏ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ ከሆነ የተተኪ ጡረታ ይገባታል። ለሚስት የጡረታው 50 በመቶ ነው። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ደግሞ ለእያንዳንዱ 20 በመቶ። የቅጥር ማህደሩ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጋ ነው፤ ተጠሪው ከሷ ጋር አብሮ ይሂድ። አንድ ሐዘንተኛ ሴት ብቻዋን ወረፋ ላይ ቆማ «ነገ ተመለሺ» ስትባል በሁለተኛው ቀን ተስፋ ትቆርጣለች።

ይህን ከራሴ ነው የማውቀው። አባቴ ሲሞት ለአንድ ማህተም አምስት ቀን አንድ ቢሮ ተመላለስኩ። በየቀኑ አንድ አዲስ ወረቀት ይጎድላል። ሠራተኛው ክፉ አልነበረም። የሚያስፈልገውን በሙሉ በመጀመሪያው ቀን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም መጠየቅ አላወቅኩም። በየደረሳችሁበት «የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጽፈው ይስጡን» በሉ።

ሦስተኛው የመኪናው መድን ነው። ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። የፖሊስ ሪፖርቱን ግልባጭ ውሰዱ፤ የመድን ድርጅቱ ስም እዚያ ይገኛል። መድን የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ መኪና ቢሆን እንኳ ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ያቺ እናትም ለመጀመሪያው ድንገተኛ ሕክምና ገንዘብ አስይዢ ልትባል አይገባም ነበር። ከፍላ ከሆነ ደረሰኙን ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የሹፌሩ ወገኖች ሽማግሌ ይልካሉ፤ በኦሮሞ ወግ ጉማ የሚባል የደም ካሳና የዕርቅ ሥርዓትም አለ። ዕርቁ መልካም ነው፤ አንድ ከተማ ውስጥ እየተያያችሁ ትኖራላችሁና። ግን «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ማንም ሐዘንተኛ ቸኩሎ እንዳይፈርም። ያቺ መስመር የመድን ካሳውን ልታስቀር ትችላለች። መጀመሪያ የሕግ ሰው ይየው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው፤ እዚያ አሳዩት።

ስለ መንግሥት ሰዎች የጻፉት ውስጥ ምሬት አለ። እውነትዎን ነው። ግን መምጣታቸውን አልንቀውም። በመጋቢት 2009 በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጇል። ባንዲራ ዝቅ ሲል ሐዘንተኛው «የኔ ሙት የአገር ሙት ነው» ይላል። ያ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እዩት፤ የአገሩም ሐዘን ሦስት ቀን ነው። የእድሩም ሦስት ቀን ነው። አራተኛው ቀን ላይ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ።

ቢሮውን አራተኛው ቀን ላይ ለመመለስ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጉዳዩን ግን ዘርዝሩት። «ለተጎዱ ወገኖች እርዳታ ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ መልስ የለውም፤ ማን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅማ። ቤት በቤት ጻፉ። ይህ ቤት ሁለት ተማሪ አለው፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይፈልጋል። ያኛው ቤት ኪራዩን የሚከፍለው ሟቹ ነበር። እናትየዋ ስትወጣ ምርኩዝ ያስፈልጋታል። ለቀበሌው፣ ለሴቶችና ሕፃናት፣ ለቡሳ ጎኖፋ ጽሕፈት ቤት ለየብቻ ስጡ። ቡሳ ጎኖፋ ድሮ ከብቱ ላለቀበት ሰው ወገኑ ከብት አዋጥቶ እንደገና የሚያቆምበት የኦሮሞ ሥርዓት ነው፤ ክልሉ ዛሬ መሥሪያ ቤት አድርጎታል። «የኛን ጉዳይ የሚከታተል አንድ ሰው ስሙን ስጡን» ብላችሁም ጠይቁ። ስም ያለው ጉዳይ ይንቀሳቀሳል።

ከውጭ የሚሰበሰብ ገንዘብ ካለ በማንም ግለሰብ ስልክ ወይም የግል ሒሳብ እንዳይገባ። በእድሩ ስም፣ በሦስት ፈራሚ ይሁን። የገባውና የወጣው በየሳምንቱ ተጽፎ ይለጠፍ። ስለ ገንዘብ ወሬ ከተነሣ መጀመሪያ የሚያፍረው ሐዘንተኛው ነው።

ካዝናውስ? የእድር ሒሳብ የሚሠራው ሞት አንድ በአንድ ይመጣል ብሎ ነው። አራት በአንድ ቀን ሲመጣ የማንኛውም ሰፈር ካዝና ይራቆታል። መፍትሔው ከአጎራባች እድሮች ጋር መተሳሰር ነው። እያንዳንዱ እድር በየወሩ ጥቂት ወደ ጋራ ቋት ያስገባል፤ ከሁለት በላይ ሞት በአንድ ጊዜ የመጣበት እድር ከዚያ ይወስዳል። እንደ ሒርማታና ቦሳ ያሉ የጅማ ሰፈሮች ለየብቻቸው የማይችሉትን አንድ ላይ ይችሉታል።

አቅም ለሌላቸው አባላትም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን እድሩ ቢከፍል ብዬ ሁሌ እመኛለሁ። ይህ መድን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የኛው ሊሙ ኮሳ ነበር። ሰው ለሕክምና ላሙን ወይም ቡናውን ሳይሸጥ መታከም የሚችልበት መንገድ ነው። እድር ለሬሳ ከሚያወጣው ጥቂቱን ለታማሚ ቢያወጣ ቀብሩም ይቀንሳል።

አደጋ ሲደርስ በቦታው ምን እንደሚደረግ አልጠየቁኝም፤ ግን ለቀጣይ ስብሰባችሁ ይግባ። በጎፋ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤት ሁሉ በእጁ እየቆፈረ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ብዙዎቹ የሞቱት ለመርዳት የሮጡት ናቸው። የአጋሮ መንገድም ጠመዝማዛ ነው፤ የተገለበጠ መኪና ላይ ሰው ሲረባረብ ሌላ መኪና ይደርስበታል። ወጣቶቻችሁን ይህን አስተምሯቸው። ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ መቶ ሜትር ያህል ርቆ ልብስ እያውለበለበ መኪና ያስቁም። አንዱ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ጀርባው ወይም አንገቱ የተጎዳ ሰው፣ እሳት ካልመጣ በቀር፣ ተጎትቶ አይውጣ። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ከእድሩ አሥር ወጣት ላኩ።

ስብሰባው እሑድ ይሁን። ዛሬ ከሥራ ሲወጡ ግን ስብሰባ ሳይጠብቁ አስተማሪው ቤት ይግቡ። ገንዘብም ምክርም ይዘው አይሂዱ። ጀሪካኑን አንሥተው ውሃ ይቅዱላት። ከዚያ ቁጭ ብለው ስለ ባሏ ይጠይቋት፤ ምን ያስተምር እንደነበር፣ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ምን ያደርግ እንደነበር። ስሙን በአፍዎ ይጥሩት። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስሙን የጠራላት ሰው ላይኖር ይችላል።